ግራ ጆሮ

የጦሳ ጉም ወርዶ፣ በተሰበረው መስኮት ገብቶ፣
ወንበር ይዞ ተቀምጧል፣ ከሁላችን ቀድሞ መጥቶ።
የድሮ አዳራሽ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ጣውላ፣
አንዴ ቢያጨበጭቡ ሦስቴ የሚመልስ ከኋላ።
አጨበጨብኩ። የእህቴ ልጅ ሉባባ ዓይኗን ጨፈነች፤
«በቀኝ ቶሎ ይሞታል፣ በግራ ይዘገያል» አለች።

ግራውን እኔ አላውቀውም።
ያ የጥቅምት ማለዳ፣ አጥሩ ጥግ የወደቀው ነገር
ግራ ጆሮዬን ይዞ ሄደ፤ የተወልኝ አንድ ፉጨት ነበር፤
ቀጭን፣ ትንፋሽ የማያጥረው፣ ቅኝት የሌለው ፉጨት።
ስንት ማጣሪያ አለኝ፤ ለእሱ ግን ከየት ላምጣለት?

ማይኮቹ መንትያ ናቸው፣ ከአንድ ሳጥን የወጡ።
በመሐላቸው አንድ ስንዝር፣ ሦስት ጣት ሲቀነስለት፤
የሰው ራስ ስፋት ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለበት።
ፊታቸውን አዛወርኩ፣ አንዱ ወደ ክራር፣ አንዱ ወደ ከበሮ፤
ራስ የሌለው፣ ዓይን የሌለው፣ ዘንግ ላይ የተሰቀለ ጆሮ።

ጣጣው ርቀቱ ነው።
ቢጠጉ የማሲንቆው ጭራ ሲፋቅ ይሰማል፣ ቤቱ ይጠፋል፤
ቢርቁ ቤቱ ብቻ ይቀራል፣ ሰዉ እንደ ጨው ይሟሟል።
ዘንጉን ታቅፌ አንድ እርምጃ ስገፋ፣ ግማሽ ስመልስ ዋልኩ፤
ልኩን ያገኘሁ ሲመስለኝ በጠመኔ ምልክት ጣልኩ።

አሥራ ዘጠኝ ሰው ናቸው፤ መሪያቸው መምህርት ጦይባ።
ከላስታ በገና መጣ፣ ከሐይቅም ዋሽንት ነፊው ገባ።
ከበሮው ሲጀምር ግን በገናው ሰጠመ።
እዚህ በጣት ገፍተህ የምታርቀው የለም፤
ሚዛን የሚስተካከለው በእግር ነው።
«ይመር፣ አራት እርምጃ ወደ ኋላ» ብለው፣
«ቦታዬ ፊት ነው» አለኝ፣ «አባቴም ፊት ይመታ ነበር»።
ከበሮውን አቅፎ ሄደ፣ ወደ ግራው ጥግ፣
ኩርፊያውንም ሳያስቀር።

የመጀመሪያው ቅጂ ባጃጅ አለበት። ሁለተኛው ሳል።
ሦስተኛው ላይ ዝናቡ መጣ፤ ቆርቆሮው ብቻ ይጫወታል።
በአራተኛው
መምህርቷ እጇን ስታወርድ ማንም ትንፋሽ አልሳበም፤
የመጨረሻዋ የበገና ንዝረት በጣውላው ላይ ሄዳ ሄዳ፣
ጉሙ ጋ ደርሳ፣ እዚያው ቀረች።

ሌሊት ነው። ሆጤ፣ ጠባብ ክፍሌ። ከአዲስ አበባ ስልክ መጣ፦
«ድምፁን ከፍ አድርገው፣ ታክሲ ውስጥ ጮሆ ይውጣ፤
ዝቅ ያለውን ወደ ላይ፣ ከፍ ያለውን ጨፍልቀው፣
ማሚቶም ጨምርበት፣ ካቴድራል ይምሰል፣ አድምቀው።»
ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ገንዘቡን ያወጣው እሱ ነው።
ግን ከበገናው ሹክሹክታ እስከ ከበሮው ጉልበት
ገደል አለ፣ ዳገት አለ፣ ሰው የሚያልብበት፤
ጦሳን ደልድዬ ሜዳ ላድርገው፣ መኪና እንዲሄድበት?
ከሥር የሚያጉረመርመውን ጥቂት ላጥኩለት፣
የዋሽንቱን ሹል ጫፍ የጥፍር ያህል አለዘብኩት።
ሌላውን ተውኩት።

«አጎቴ፣ ጣውላ ሲንቋቋ ይሰማል» አለች ሉባባ። «ይውጣ?»
«የት ጋ?»
«በግራ፣ ከኋላ።»
ወንበሬን አዞርኩ። ለድምፅ ማጉያዎቹ ጀርባዬን ሰጠሁ፤
ግራው ወደ ቀኜ መጣ።
ሲጥጥ አለ፣ አንድ ጊዜ። እግር የሚቀያይር ሰው።
ከዚያ ትንፋሽ፤ ለመምታት እጁን ሲያነሳ የሚስበው።
«ተይው» አልኳት።

«ሁለቱ ጆሮ አንድ ላይ ሲሰሙት ምን ይመስላል?»
ይህንን ጠይቄያት አላውቅም ነበር።
ዓይኗን ጨፍና ቆየች።
«በገናው እዚህ ነው፣ ደረቴ ፊት።
ዋሽንቱ በቀኝ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ።
ይመር ደግሞ…» ሳቋ መጣ፣
«ይመር ርቆ ቆሟል፤
እንዳኮረፈ ያስታውቃል።»

ልኩ ነው አልኩ።
አስቀመጥኩት።